ፋይልን በኤክስቴንሽኑ የሚለይ ትንሽ ላይብረሪ እንጻፍ

የዳውንሎድ ፎልደሬ ከቴሌግራም በወረደና ከካሜራ በተገለበጠ ነገር ታጭቆ ነበር። ፎቶውን ለብቻ፣ ፒዲኤፉን ለብቻ፣ ዘፈኑን ለብቻ የሚያስቀምጥልኝ አጭር ኮድ በፓይተን ጻፍኩና አስኬድኩት። ግማሹ ፎቶ «ያልታወቀ» ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ለካ ከካሜራ የመጡት ሁሉ ኤክስቴንሽናቸው (ከፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው) በካፒታል ሌተር ነው፣ እኔ ደግሞ ኮዱ ላይ የሞላሁት በስሞል ሌተር ብቻ።

እናንተ እንዳትደግሙት ላይብረሪውን፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም ሊጠቀምበት የሚችል ኮድ፣ ከሀ እንጀምር።

መጀመሪያ አንድ ዲክሽነሪ ክፈቱ። በግራ ኤክስቴንሽኑ፣ በቀኝ የፋይሉ ዓይነት። በቀኝ በኩል ከራሳችሁ ስም አታውጡ፣ ማይም ታይፕ የሚባለውን ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ1992 ለኢሜይል አባሪዎች የወጣ አሰያየም ነው፤ ዛሬ ዌብ ሰርቨርና ብሮውዘር የሚግባቡት በእሱ ነው። ለምሳሌ የፒኤንጂ ፎቶ «ኢሜጅ/ፒኤንጂ» ይባላል። መዝገቡን የሚይዘው አያና የሚባል ተቋም ነው (የጎረቤት ስም ይመስላል፣ አይደለም)። ጄፒጂም ጄፔግም ወደ አንድ ዓይነት ይምሩ። ልዩነታቸው በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም) ዘመን ኤክስቴንሽን ከሦስት ፊደል መብለጥ ስለማይችል የመጣ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ቀጥሎ ኤክስቴንሽኑን ከስሙ መቁረጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ሪፖርት.2016.ፒዲኤፍ» የሚል ፋይል ሲመጣ ከመጀመሪያው ነጥብ ከቆረጣችሁ አለቀላችሁ። ከመጨረሻው ነጥብ ቁረጡ፣ ከዚያ ወደ ስሞል ሌተር ቀይሩ፣ ከዚያ ዲክሽነሪውን ጠይቁ። ሊነክስ ላይ በነጥብ የሚጀምሩ ድብቅ ፋይሎች አሉ፤ የእነሱ ነጥብ የስማቸው አካል እንጂ የኤክስቴንሽን ምልክት አይደለም። «ታር.ጂዚ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጂዚ መጠቅለያው ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ታር (ብዙ ፋይል በአንድ የታሰረበት) ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ክፍሉን ቀድማችሁ ፈትሹ።

የማታውቁት ኤክስቴንሽን ከመጣ አትገምቱ። ባዶ መልሱ። የተጠቀመው ሰው የራሱን የሚጨምርበት አንድ ፋንክሽንም ስጡት፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ኤክስቴንሽን ባለቤቱ ሁለት ነው። «ቲኤስ» ለቪዲዮ ሰው የቪዲዮ ፋይል ነው፣ ለፕሮግራመር ግን በታይፕስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ ኮድ።

«ፓይተን ራሱ ማይምታይፕስ የሚባል ሞጁል አለው አይደል? ምን አደከመህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አለው፣ ለአብዛኛው ሥራም ይበቃል። ግን የራሱን ዝርዝር ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ሊነክስ ላይ የሲስተሙን የማይም ፋይሎች፣ ዊንዶውስ ላይ ሬጂስትሪውን (የሲስተሙን የሴቲንግ መዝገብ) ያነባል፣ እና አንድ ፕሮግራም ሲጫን ሬጂስትሪውን ነካክቶት ከሆነ የጃቫስክሪፕት ፋይላችሁ «ቴክስት/ፕሌን»፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ፣ ተብሎ ይወጣና ብሮውዘሩ ፋይሉን እንደ ጃቫስክሪፕት ሞጁል አልቀበልም ይላል። እናንተ ኮዳችሁ ላይ ስታፈጡ ታድራላችሁ። ኮዱ ግን ምንም አልሆነም። የራሳችሁ ትንሽ ዲክሽነሪ በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ መልስ ነው የሚሰጠው፤ እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

አሁን ትልቁ ጉዳይ። ኤክስቴንሽን የኒዶ ቆርቆሮ ላይ ያለ ጽሑፍ ነው። ኒዶ ይላል፣ ስትከፍቱት በርበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» ቫይረስ ስሙ የጽሑፍ ፋይል አስመስሎት ነበር፣ ትክክለኛው ኤክስቴንሽን ከመጨረሻ ነበር፣ ዊንዶውስ ደግሞ የሚያውቀውን ኤክስቴንሽን ይደብቃል። ስለዚህ ዌብሳይታችሁ ከሰው ፋይል የሚቀበል ከሆነ በዚህ ላይብረሪ ብቻ አትመኑ። የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች አንብቡ። ፒዲኤፍ በፐርሰንት ምልክትና «ፒዲኤፍ» በሚሉት ሦስት ፊደሎች ይጀምራል። ዚፕ «ፒኬ» ብሎ ይጀምራል፣ የፈጣሪው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው።

ብቻ እሱም ሁሉን አይፈታም። የዛሬ ዎርድ ፋይል ውስጡ ዚፕ ስለሆነ እሱም «ፒኬ» ነው የሚለው፣ ኤክሴሉም እንደዚያው፣ ያኔ ተመልሳችሁ ኤክስቴንሽኑን መጠየቃችሁ አይቀርም።