የሞምባሳን ከበባ በጀጎል ዙሪያ እየዞሩ ለልጅ መንገር

ልጆቻችሁ «ከበባ ምንድነው?» ካሏችሁ ከመጽሐፍ አትጀምሩ። ሐረር ነው ያላችሁት፤ የጀጎል ግንብ እዚሁ ነው። አንድ እፍኝ ሽምብራ ያዙና 33 ፍሬ ቆጥራችሁ ለልጁ ስጡት። በኬንያዋ ሞምባሳ ያለውን ፎርት ጂሰስ የተባለ ምሽግ የኦማን ሠራዊት ከብቦ የቆየው 33 ወር ነው፤ አንዷ ፍሬ አንድ ወር ናት።

በማለዳ ኤረር በር ሂዱ። ከገጠር አትክልትና ማገዶ ይዘው የሚገቡትን እናቶች ትንሽ ቆሞ ይያቸው። ከዚያ «ይሄ በር ዛሬ ቢዘጋስ?» በሉት። የእህቴ ልጅ ወዲያው «ታዲያ ምን እንበላለን?» አለኝ፤ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

አሁን መዞር ጀምሩ። የጀጎል ዙሪያ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሽምብራ ይጣል። የመጀመሪያዋ ማርች 1696 ናት (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ፖርቱጋሎች ምሽጉን ከሠሩት መቶ ዓመት ሆኖታል፣ ኦማኖች ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን የባሕር ንግድ ከእጃቸው ሊነጥቁ መጥተዋል። ውስጥ ያሉት የፖርቱጋል ወታደሮች መቶ እንኳ አይሞሉም፤ የሚበዛው እዚያ የተጠለለ የአካባቢው ሰው ነው።

አሥረኛዋ ላይ ቁሙ። ፖርቱጋሎች ከያዟት ከሕንዷ ጎዋ መርከብ ደረሰ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ ግን ምሽጉ ውስጥ የገባው በሽታ የመጡትንም ጨረሳቸው። ስለ መድፍ ብዙ አታውሩ፤ እዚያ ከመድፍ ይልቅ የገደለው በሽታ ነው።

አሥራ ስምንተኛዋ ላይ ደግሞ ቁጭ በሉ። ኦገስት 1697 ነው፤ ፖርቱጋሎቹ አንድ ሳይቀሩ ሞተዋል፣ ምሽጉን የያዘው በዚያው ባሕር ዳርቻ ካለችው ከፋዛ የመጣው ቡዋና ዳውድ ነው፣ አብረውት ያሉት 17 ዘመዶቹ፣ 8 ሌሎች ወንዶችና 50 ሴቶች ናቸው። እነዚያን ሴቶች እባካችሁ አትዝለሏቸው፤ ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። በቀጣዩ ወር አዲስ ጦር ደረሰላቸው።

መንገድ ላይ «ፖርቱጋሎች እኛም ጋ መጥተው የለም እንዴ?» ሊላችሁ ይችላል። አዎ በሉት፤ በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደር ይዞ ከምጽዋ ተነስቷል፣ ሊገጥመው የሄደው የኢማም አህመድ መናገሻም ይህችው ሐረር ነበረች። አሚር ኑር ይሄን ግንብ ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጨረሻዋ ሽምብራ ስትወድቅ ዲሴምበር 1698 ነው፣ ምሽጉ ተያዘ። ከሳምንት በኋላ የእርዳታ መርከቦች ብቅ አሉ። ግንቡ ላይ የኦማን ቀይ ባንዲራ ሲውለበለብ አይተው ተመለሱ። እዚህ ላይ ዝም በሉ፣ እሱ ይጠይቃችሁ።