የተረሳ የልጅነት በደል ድንገት ትዝ ሲላችሁ፦ ክስ ከመመሥረታችሁ በፊት

ለዓመታት ያላሰባችሁት ነገር አንድ ቀን ድንገት መጣባችሁ እንበል። አንድ በር፣ የሆነ ሽታ፣ የሆነ ሰው ድምፅ። እንቅልፍ አጣችሁ፣ ሰውየውን መክሰስም አሰባችሁ። በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት የምታደርጉት ነገር በኋላ ጉዳያችሁን ሊያጸናውም ሊጥለውም ይችላል።

መጀመሪያ ጻፉ። ለማንም ሳታወሩ፣ ኢንተርኔት ላይ ምንም ሳትፈልጉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ትዝታው ሲመጣ የት ሆናችሁ ምን ስትሠሩ እንደነበር። «በሩ ተዘግቶ ነበር» እና «በሩን ዘግቶት መሆን አለበት» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ትዝታ ነው፣ ሁለተኛው ግምት፣ ስለዚህ ለየብቻ ጻፏቸው። ያልመጣላችሁን «አላስታውስም» በሉ። ምንም አያሳፍርም።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ አባት በነፍስ ግድያ ተፈረደበት። ዋናው ማስረጃ ልጁ ከ20 ዓመት በኋላ ትዝ አለኝ ያለችው ነበር። የተናገረችው ዝርዝር ግን በወቅቱ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው ብለው የአባትየው ጠበቆች እንዳያሳዩ ተከልክለው ነበር። በ1995 የፌዴራል ዳኛ ፍርዱን ሻረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ክሱ ተቋረጠ። አንድን ነገር ከራሳችሁ ነው ወይስ ካነበባችሁት ያገኛችሁት የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ መልሳችሁ ያቺ ቀን የተጻፈባት ወረቀት ናት።

ትዝታው ጥርት ማለቱ ወይም ማስለቀሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ1995 ትዝታን የሚያጠኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኤሊዛቤት ሎፍተስና ዣክሊን ፒክሬል ለ24 ሰዎች ልጅ ሳሉ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው እንደነበር የፈጠራ ታሪክ ነገሯቸው፤ ሩብ ያህሉ ሙሉውን ወይም ከፊሉን «አስታወሱ»። ግን «ረስተሽው ከነበረ ውሸት ነው» የሚሏችሁንም አትስሟቸው። ተመራማሪዋ ሊንዳ ዊልያምስ በልጅነታቸው የደረሰባቸው ጥቃት ሆስፒታል የተመዘገበላቸውን 129 ሴቶች ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ አነጋግራ ነበር፣ 38 በመቶዎቹ ያንን ጥቃት አላነሱም። ረስተውት ይሁን መናገር ስላልፈለጉ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ስለዚህ «አእምሮዬ አፍኖት ነበር» አትበሉ፣ «ለብዙ ዓመት አላሰብኩትም ነበር» በሉ። የቀረውን ባለሙያው ይናገር።

የሥነ ልቦና ሕክምና የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሂዱ፣ ክስ ስላለ ብላችሁ አትሠቃዩ። ነገር ግን በሂፕኖሲስ (ሰውን እንደ ሰመመን ባለ ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ በመጠየቅ) ወይም «ዓይንህን ጨፍንና አስብ፣ ከዚያስ ምን አደረገህ?» እያሉ ትዝታ ከሚቆፍሩ ሰዎች ራቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት፣ ከሕክምና ውጭ በራሳቸው ከመጡት ትዝታዎች 37 በመቶው በሌላ ማስረጃ ተደግፏል። ፈጽሞ ካልተረሱት 45 በመቶው። በሕክምና ወቅት ከተገኙት አንድም አልተደገፈም።

ቤተሰብ ስትጠይቁም መሪ ጥያቄ አትጠይቁ። እህታችሁን «ያ ሰውዬ ሲያስቸግረኝ አይተሽ ነበር አይደል?» ካላችኋት መልሱን ራሳችሁ ሰጣችኋት። «በዚያ ክረምት የት ነበርን? ማን ማን ይመጣ ነበር?» በሏትና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ከዚያ ወረቀት ፈልጉ፦ የክሊኒክ ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ከኋላው ቀን የተጻፈበት ፎቶ፣ የድሮ ደብዳቤ። በዚያው ሰው ተበደልኩ የሚል ሌላ ሰው ካለ እናንተ አታናግሩት፣ ተማከራችሁ እንዳይባል ለጠበቃ ወይም ለፖሊስ ተዉት።

ጠበቃ ጋ ቶሎ ሂዱ፣ ይርጋ (ካለፈ በኋላ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ) አለ። አንዳንድ አገር ይርጋው የሚቆጠረው ነገሩን ካወቃችሁበት ቀን ነው፣ አንዳንዱ ጋ አይደለም። ፍርድ ቤቶቹም አይስማሙም፤ አሜሪካ ውስጥ የኒው ሃምፕሻየር ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 እንዲህ ያለ ምስክርነት አልቀበልም ሲል የማሳቹሴትሱ በ2010 ተቀብሎታል። ለጠበቃችሁ የሄዳችሁበትን ሕክምና ሁሉ፣ ሂፕኖሲስም ካለ፣ ሳትደብቁ ንገሩት። የተከሳሹ ጠበቃ በሚያቀርብላችሁ መስቀለኛ ጥያቄ ከሚሰማው ቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

የመጀመሪያዋን ወረቀት አሳምራችሁ አትገልብጧት፣ ስሕተቷንም አትሰርዙ። አዲስ ነገር ትዝ ሲላችሁ በሌላ ገጽ፣ በሌላ ቀን ጻፉት።