ኮቦትን ከሠራተኞችዎ ጎን ሥራ እንዴት ማስጀመር ይቻላል?

ኮቦት ከሰው ጎን ቆሞ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ሮቦት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1996 ያፈለቁት የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ኤድዋርድ ኮልጌት እና ማይክል ፔሽኪን ናቸው። ዛሬ በአብዛኛው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር አንድ ክንድ ነው። ከትልልቆቹ የፋብሪካ ሮቦቶች የሚለየው ሰው ሲነካ ወዲያው አውቆ መቆሙ ነው። ይህ ብቻውን ግን ሠራተኛዎን ከአደጋ አያድንም። ቀሪው ሥራ የእርስዎ ነው።

1. ሥራውን ከሠራተኛው ጋር ይምረጡ

ለኮቦት የሚሆነው አሰልቺ ሥራ ነው፦ አንድ ዓይነት ዕቃ ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ካርቶን መደርደር፣ ብሎን ማሰር። የዕቃው ቅርፅ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ይተዉት። ቢሮ ተቀምጠው አይወስኑ። ሥራውን በየቀኑ የሚሠራውን ሰው «ወገብህን የሚቆርጥህ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ኮቦቱ ሲመጣ እሱ ወደ የትኛው ሥራ እንደሚዛወርም በግልጽ ይንገሩት። ከእንጀራዬ ሊያፈናቅለኝ መጣ ብሎ የሚያስበውን ማሽን ማንም በፍቅር አያሠራም።

2. ክብደቱን ያስሉ

ካታሎጉ ላይ የተጻፈው የማንሳት አቅም መጨበጫውንም፣ ማለትም ክንዱ ጫፍ ላይ ተገጥሞ ዕቃውን የሚይዘውን ክፍል፣ ይጨምራል። 5 ኪሎ የሚያነሳ ክንድ ላይ 1.5 ኪሎ የሚመዝን መጨበጫ ከገጠሙ ለዕቃው የሚቀርዎት 3.5 ኪሎ ነው።

3. አደጋውን ቦታው ላይ ሆነው ይፈትሹ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ክንዱ ራሱ ጉዳት አያደርስ ይሆናል፤ የያዘው ነገርስ? ጠርዙ የተሳለ ቆርቆሮ የያዘ ክንድ ቀስ ብሎ ቢነካም ይቆርጣል። ስለዚህ ክንዱን፣ መጨበጫውን፣ ዕቃውንና ጠረጴዛውን አንድ ላይ ይፈትሹ።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ስለ ኮቦት ደኅንነት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አይኤስኦ/ቲኤስ 15066 የተባለው ሰነድ ሁለት ዓይነት ንክኪ ይለያል። አንዱ ክንዱ ሰውየውን ገጭቶት ወደ ኋላ ማለት የሚችልበት ነው። ሌላው እጅ በክንዱና በጠረጴዛው መካከል ተጨፍልቆ የሚያዝበት ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ይኸኛው ነው፤ መሸሻ የለውማ! ክንዱ ወደ ግድግዳ፣ ወደ ጠረጴዛ ወይም ወደ ሌላ ማሽን የሚጠጋበትን ቦታ ሁሉ ይፈልጉ። ክፍተቱን ያስፉ፤ ካልተቻለም እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሱ።

ፊትንና ጭንቅላትን ከመነካት በተቻለ መጠን መጠበቅ እንደሚገባም ይኸው ሰነድ ይናገራል። ሠራተኛዋ ቆማ ስትሠራ ክንዱ ደረቷ አጠገብ ያልፍ ይሆናል። የወደቀ ብሎን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ግን ያው መንገድ ዓይኗ ጋ ይደርሳል። ክንዱ ጠፍቶ ሳለ ራስዎ ጎንበስ ብለው ይሞክሩት።

4. ኮቦቱን ሥራውን ያስተምሩት

ለዚህ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። በአብዛኞቹ ኮቦቶች ላይ አንድ ቁልፍ ተጭነው ክንዱን በእጅዎ እየመሩ የሚፈልጉት ቦታ ያደርሱታል። ከዚያ ቦታውን ስክሪኑ ላይ ይመዘግባሉ። በቀጥታ ዕቃው ላይ አይውሰዱት። መጀመሪያ ከዕቃው 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ ነጥብ ይመዝግቡ፤ ቀጥሎ ታች ያለውን፣ ከዚያ መልሰው የላዩን። አለበለዚያ ክንዱ አቋርጦ ሲሄድ አጠገቡ ያለውን ዕቃ ጠርጎ ይጥለዋል። ማስተማሩን ለሠራተኛው ይተዉለት፤ የዕቃውን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ዙር በዝግታ ያስኬዱ፤ ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ከእጅዎ አይራቅ።

5. ሲቆም ምን እንደሚደረግ ይስማሙ

ሰው ገለል ካለ በኋላ መብራቱን፣ መጨበጫው በአየር የሚሠራ ከሆነም አየሩን ሆን ብለው ያቋርጡና ምን እንደሚሆን ይዩ። መጨበጫው ዕቃውን ከለቀቀ የማይለቅ ዓይነት ይግጠሙ። ክንዱ ሲቆም ማን መልሶ እንደሚያስነሳው አስቀድሞ ይታወቅ። መጨበጫ በቀየሩ ወይም ጠረጴዛ ባንቀሳቀሱ ቁጥር ደግሞ ወደ 3ኛው ደረጃ ተመልሰው ፍተሻውን እንደ አዲስ ይሥሩ።