ስለ «ቫክሲን» ቃል ሲጻፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዝኛው «ቫክሲን»፣ ማለትም የክትባት መድኃኒት፣ ከላም እንደመጣ ብዙ ሰው ያውቃል። የሚሳሳተው ዝርዝሩ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ቫክሲን ማለት ላም ነው» ማለት ነው። በላቲን ላም «ቫካ» ትባላለች፤ «ቫኪኑስ» ደግሞ «የላም» ማለት ነው። ቃሉ ሲነሳ ቅጽል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው ጥናት ርዕስ ላይ በሽታውን «ቫሪዮሌ ቫኪኔ» ብሎታል፤ የላም ፈንጣጣ ማለቱ ነው። ውሎ አድሮ «ፈንጣጣ» የሚለው ስም ወደቀና «የላም» የሚለው ቅጽል ብቻውን ስም ሆነ።

«ጄነር ፈንጣጣን ለመከላከል የላም ፈንጣጣ መግል ከላም ወስዶ አንድ ልጅ ከተበ» የሚለውም በየቦታው ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1796 መግሉ የተወሰደው ሣራ ኔልምስ ከምትባል ላም አላቢ እጅ ቁስል ነው። በሽታው የተጋባባት ብሎሰም ከምትባል ላም ነበር። ጄነር የ8 ዓመቱን ጄምስ ፊፕስን ክንድ ሁለት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዱ አንድ ሳንቲሜትር ከሩብ ያህል በሚረዝም መስመር ጫር ጫር አደረገና መግሉን አስገባ። ጭረቱ ቆዳውን ለጥቂት ብቻ የሚዘልቅ ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን መርፌ ወጋ ብሎ መጻፍም ስህተት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ቫክሲኔሽንን፣ ማለትም ጄነር እንዳደረገው በላም ፈንጣጣ መክተብን፣ ከቫሪዮሌሽን ጋር መቀላቀል ነው። ቫሪዮሌሽን ከራሱ ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል መግል ወይም ቅርፊት ወስዶ ጤነኛውን መክተብ ነው፤ ከጄነር በፊት በእስያ፣ በቱርክና በሌሎችም አገሮች ነበረ፣ ኢትዮጵያም ውስጥ ይሠራበት ነበር። ጄነር ራሱ በልጅነቱ የተከተበው በዚህ መንገድ ነው። አደጋው ግልጽ ነው፤ የሚገባው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ የተከተበው ሊሞት፣ በሽታውንም ለጎረቤት ሊያጋባ ይችል ነበር። የጄነር ሥራ ትልቅነት መክተብን በመፍጠሩ ሳይሆን ገዳዩን መግል ለዘብ ባለው በመተካቱ ነው።

«ቫክሲኔሽን» የሚለውንም ቃል ለጄነር አይስጡት። እ.ኤ.አ. በ1800 ያወጣው ወዳጁ ሪቻርድ ደኒንግ ነው። ለፈንጣጣ ብቻ የነበረውን ቃል ለሌሎች በሽታዎችም እንዲያገለግል ያደረገው ደግሞ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ለንደን ላይ ለጄነር ክብር ሲል ሐሳቡን አቀረበ። ዛሬ የኩፍኝ ክትባት ከላም ጋር ምንም ሳይገናኝ በላም ስም የሚጠራው ለዚህ ነው።

አማርኛው «ክትባት» ግን ከላም አልመጣም። ሥሩ «ከተበ» ነው፤ በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው፣ «ክታብ»ም ከዚያው ወጥቷል። ለተርጓሚዎች ወጥመዱ እዚህ አለ፦ እኛ ፈሳሹንም ድርጊቱንም «ክትባት» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል የሚቀመጠው ቫክሲን ነው፤ በጤና ጣቢያ ለሕፃኑ የሚደረግለት ቫክሲኔሽን ነው። «ቫክሲኔሽኑ ፍሪጅ ውስጥ አለ» አይባልም።

በመጨረሻ «ቫኪዩም»ን ዘመድ አታድርጉት። እሱ ባዶ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍም «ሲ» የሚባለው ፊደል አንድ ብቻ ነው፣ በ«ቫክሲን» ውስጥ ግን ሁለት ነው።