ወፍጮው አልነሳ ሲል፣ ከመደወልዎ በፊት

ወፍጮ መጠገን ሥራዬ ነው። ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ተነስቼ የሐረጎን ዳገት በዝናብ ወጣሁ። ደሴን አልፌ ሐይቅ ደረስኩ። የጠሩኝ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ናቸው። ወፍጮው ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ደጁ ላይ ማሽላና ጤፍ ያመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። የማስነሻውን ሳጥን ሳየው ቀዩ ማቆሚያ ቁልፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ጆንያ ሲጎተት ነክቶት ነው። ዞር ሳደርገው ብቅ አለ። አረንጓዴውን ተጫንኩ፤ ወፍጮው ተነሳ። እማማ የድካሜን ሊከፍሉኝ ብር ሲቆጥሩ እጄ አልዘረጋ አለኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀዩን ቁልፍ ይዩ። ማሽኑ ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ግን አይልቀቁት።

ቀጥሎ መብራቱን። «አምፖሉ በርቷል እኮ» ይሉኛል። አምፖል አንድ ፌዝ፣ ማለትም አንድ የኃይል መስመር፣ ይበቃዋል፤ ባለ 380 ቮልት ሞተር ግን ሦስቱንም ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ሞተሩ እም... እያለ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። እባካችሁ ያኔ ደጋግማችሁ አታስነሱት! ብዙ ሞተር የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ወዲያው አጥፉና ጎረቤት ያለውን ብየዳ ቤት ወይም እንጨት ቤት ጠይቁ። የእነሱም ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ከጠፋ ጥገናው የመብራት ኃይል ነው፣ የእኔ አይደለም።

መስመር ከተጠገነ በኋላ ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረ አይደንግጡ። ሁለት ፌዝ ተቀያይሯል ማለት ነው። ሰፈር ያለ ኤሌክትሪሻን ኃይሉን አጥፍቶ በአጭር ጊዜ ያስተካክለዋል።

ኦቨርሎዱ፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ኃይል የሚያቋርጠው መከላከያ፣ ከቆረጠ ደግሞ ቀዝቀዝ እስኪል ይጠብቁ። እርጥብ እህል ገብቶ ይሆናል፤ ድንጋዩም ከመጠን በላይ ጠብቆ ይሆናል። ያንን አስተካክለው አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሱት። እንደገና ከቆረጠ ያቁሙ። በሽቦ አስሮ ማስነሳት የሚባለውን ነገር በፍጹም እንዳታስቡት፤ ቤትም ሰውም ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልሆነ ይደውሉ። ከመቆሙ በፊት ምን ድምፅ ነበረው? ምን ሸተተ? ሞተሩ ላይ ያለችውን የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።

እማማ በቀደም ደውለው፣ «አብሽር ልጄ፣ ቀዩን አይቻለሁ፣ ሦስቱም ፌዝ አለ፣ ግን ብረት ከብረት ይፋጫል» አሉኝ። ኩሽኔታውን ከኮምቦልቻ ገዝቼ ሄድኩ። ከሰዓት ወፍጮው እየፈጨ ነበር።