ሐምራዊዋን አበባ ከመንቀላችሁ በፊት ቁጠሩ

ግንቦት ላይ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ በጫካ ጥግ ወይም በወንዝ ዳር ስትሄዱ ወገብ የምትደርስ ሐምራዊ አበባ ታያላችሁ። ሮዝም ነጭም አለ። ብዙ ሰው «ፍሎክስ ናት» ብሎ ያልፋታል። ፍሎክስ የአገሩ ተወላጅ ነች። ያያችኋት ግን ዴምስ ሮኬት ልትሆን ትችላለች፤ እሷ በ1600ዎቹ ለጓሮ ውበት ተብላ ከአውሮፓ መጥታ ከአጥር ያመለጠች፣ አሁን የጫካውን እጽዋት ቦታ የምትሻማ መጤ ናት።

የጎመን ዘር አበባ አይቶ ያደገ ሰው ዴምስ ሮኬትን ለመለየት አይቸገርም። ያቺ ቢጫ አበባ አራት የአበባ ቅጠል ነው ያላት፣ መስቀል ሠርተው። ሰናፍጭም ፌጦም እንደዚያው። ዴምስ ሮኬት የእነሱ ዘመድ ናት፣ የቤተሰቡ የድሮ የላቲን ስም ራሱ «መስቀል ተሸካሚ» ማለት ነው። ፍሎክስ ግን አምስት አላት። በአንድ አበባ ብቻ አትወስኑ፣ አንዱ የአበባ ቅጠል ረግፎ ሊሆን ስለሚችል ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት አበባ ቁጠሩ።

ቀጥሎ ወደ ግንዱ ውረዱ። የዴምስ ሮኬት ቅጠሎች አንዱ በዚህ፣ ሌላው ከፍ ብሎ በዚያ ወገን እየተፈራረቁ ነው የሚወጡት፤ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው ነው፣ ስትዳስሷቸውም ሻካራ ናቸው። የፍሎክስ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ ጥርስም የላቸውም።

ከላይ እያበበች ከታች ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ጎመን ዘር ያለ የፍሬ ዘንግ ካወጣችማ ነገሩ አለቀ፣ ፍሎክስ እንዲህ አታፈራም። ዴምስ ሮኬት በመጀመሪያ ዓመቷ ግን መሬት ላይ የተነጠፈ ቅጠል ብቻ ስለሆነች አትቸኩሉ፤ እኔ በችኮላ የነቀልኩት ፍሎክስ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጓሯችሁ ውስጥ ከሆነች ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲርስ ከነሥሯ ሳቧት፣ ፍሬዋ ደርቆ ሳይፈነዳ። ያበበችውን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ፣ በላስቲክ ቋጥራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ። ፓርክ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ጠባቂዎቹን ጠይቁ። «የዱር አበባ» ተብሎ የሚሸጠውን የዘር ፓኬትም ጀርባውን አንብቡ፣ ሄስፔሪስ ማትሮናሊስ የሚል ሳይንሳዊ ስሟ ካለበት እሷው ናትና አትግዙት።