የክንፍ ሥር መሸፈኛ እምቢ ሲል

ኮምቦልቻ ውስጥ ላሜራ ስቀጠቅጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ፣ በር። የእህቴ ልጅ አውሮፕላን መገጣጠም ሲጀምር፣ «ጋሼ፣ ይቺን ክፍተት ብቻ ሸፍኑልኝ» አለኝ። ክንፉና ቦዲው የሚገናኙበትን ቦታ ማለቱ ነው። መሸፈኛዋ ፌሪንግ ትባላለች። ቀጭን ናት፣ ጭነት አትሸከምም። እኔም የአንድ ቀን ሥራ መሰለኝ። ሦስት ወር አንጨረጨረችኝ።

አውሮፕላኗ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ክንፏ ከታች የሆነ፣ የአልሙኒየም ናት። ገና መሬት አልለቀቀችም፤ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ምርመራና ፈቃድም አትለቅም። ስለዚህ በረራን ከሚነካው በቀር ከታች የዘረዘርኩት ችግር እጄ ላይ የደረሰ ነው።

ክፍተቱ ፊት ጠባብ፣ ኋላ ሰፊ ሆነ

ጥፋቱ የፌሪንጉ አይደለም። ክንፉ በመጨረሻው ብሎን ሳይታሰርና ማዕዘኑ ሳይስተካከል መሸፈኛውን ቆርጣችኋል። እኔ ደግሞ ባሰብኝ፤ የግራውን ገልብጬ ለቀኝ አዋልኩት። በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ግራና ቀኙ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ክንፉ ይታሰር። ከዚያ ለየጎኑ በካርቶን ልክ አውጡ። ላሜራውን ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና በሊማ እየቀነሳችሁ ሂዱ። ከቦዲው 5 ሚሊ ያህል ሲቀረው አቁሙ። እሱ የመሸፈኛው ጠርዝ ላይ የሚገባው የጎማ ማሸጊያ ቦታ ነው። ጎማው ክንፉ ፊት ላይ ሲታጠፍ ከተጨማደደ ጠርዙን በየጣት ስፋቱ በመቀስ ሸንሸን አድርጉት፣ ይተኛል።

ቀዳዳው ከዳዶው ጋር አልገጥም አለ

የመሸፈኛውን ብሎን የሚይዙት ዳዶዎች ክንፉ ላይ ከሥር በሪቬት ተመተዋል። መሸፈኛው ሲቀመጥባቸው አይታዩም። በግምት የበሳ ሰው ቀዳዳውን እያሰፋ፣ በመጨረሻ የብሎኑ ጭንቅላት እስኪሰምጥ ይደርሳል።

እኔን ያዳነኝ አሮጌ የራጅ ፊልም ነው። ፊልሙን ዳዶው ላይ ዘርግታችሁ አንዱን ጠርዙን መሸፈኛው የማይደርስበት የክንፉ ቦታ ላይ በፕላስተር ያዙት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ እንዲገለበጥ። የዳዶውን መሀል በመርፌ ምልክት አድርጉ። ፊልሙን ገልጣችሁ መሸፈኛውን አስገቡና መልሱት። ምልክቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ፣ በ2.5 ሚሊ፣ ከዚያ በልኩ።

ላሜራው መሀሉ ላይ ያብጣል፣ ሲጫኑት ጧ ይላል

ሁለቱን ጫፍ አስራችሁ ወደ መሀል መጥታችኋል። ትርፉ መሄጃ አጥቶ ነው። ከመሀል ጀምሩና ወደ ጫፍ ውጡ። ሌላም አለ፦ መሸፈኛውን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ጥላ ውስጥ ያለ ክንፍ ላይ በሳሁት። አንድ ሜትር አልሙኒየም በ30 ዲግሪ ልዩነት 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሲበርድ ቀዳዳዎቹ ቦታቸውን ሳቱ።

ፋይበር ግላሱ ጣት ይይዛል፣ አልደርቅ አለ

የፊቱ ጥምዝ በላሜራ ስላልወጣልን በፋይበር ግላስ፣ ማለትም ኤፖክሲ የሚባል ሙጫ ባጠጣነው የመስታወት ክር ጨርቅ፣ ሠራነው። ነሐሴ ነበር፤ ደሴ፣ እህቴ ቤት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ። በማግስቱ ስንነካው ይጣበቃል። «ጋሼ፣ ማጠንከሪያ አንሶት ይሆን? በሁለተኛው ልጨምር?» አለኝ። እኔ የጋራዥ ሰው፣ «ጨምር» አልኩት። ሁለተኛው ሊጥ ሆኖ ቀረ።

ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቦዲ የምንደፍንበትን ስቱኮ ስናቦካ ማጠንከሪያውን በዓይን ነው የምንጥለው። ብርድ ከሆነ ጨመር፣ ሙቀት ከሆነ ቀነስ። ስቱኮ ፖሊስተር ነው፣ ጠባዩ ይህን ይችላል። ኤፖክሲ አይችልም። ሙጫውና ማጠንከሪያው እየተጣመሩ ነው የሚጠነክሩት፤ የተረፈው ጥንድ አጥቶ ውስጡ ይቀራል፣ እድሜ ልኩንም ያለሰልሰዋል።

እንዲህ ለዩት። ሁሉም ቦታ እኩል ከለሰለሰና ልኩን በሚዛን ከሠራችሁ ብርድ ነው። በላስቲክ ሸፍናችሁ አምፖል አብሩበት፣ 20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጠነክራል። እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ የሚጣበቅ ከሆነ አልተማሰለም፤ የዕቃው ጠርዝና ታች ተረስቷል። ልኩ ከተሳተ ግን አምፖልም አያድነው። ፍቃችሁ ጣሉት።

ደርቆ ላዩ እንደ ሰም ካዳለጠስ? ብርድና እርጥበት ያመጣው ነው። በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፣ ወደ ውስጥ ታሸጉታላችሁ። መጀመሪያ በሞቀ ውኃ አሹት፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ የቦዲው ቀለም ይፋቃል

ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ክንፍ በበረራ ይተጣጠፋል። መሸፈኛውን ክንፉም ላይ ቦዲውም ላይ ካሰራችሁት አንዱ መሰንጠቁ አይቀርም። ክንፉ ላይ እሰሩት፣ ቦዲው ላይ በጎማው ይንሸራተት። ራቁቱን የቀረ ጠርዝ ቦዲውን እንደ መጋዝ ይበላዋል፤ ከቀለሙ ይልቅ ከሥሩ ላለው ላሜራ እዘኑ።

ፋይበር ግላስ ላይ ሰሀን ቅርጽ ያለው ሮንዴላ አድርጉ፣ ቀዳዳውን ከብሎኑ ትንሽ አስፉት፣ ብሎኑንም ከልክ በላይ አታጥብቁት። ቀዳዳው ከጠርዙ ቢያንስ የራሱን ስፋት እጥፍ ይራቅ።

በበረራ ላይ ያፏጫል፣ ወይም ጭራው ይንቀጠቀጣል

ፉጨትና ቀዝቃዛ አየር ከገባ ጎማው ቦታ የለቀቀበትን ፈልጉ። ከክንፉ በታች ያለው አየር ግፊቱ ከላይኛው ስለሚበልጥ በክፍተቱ ሽቅብ ይሾልካል።

መንቀጥቀጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዝግታ ሲበር ክንፉና ቦዲው የሚፈጥሩት ማዕዘን ውስጥ አየሩ ይላቀቅና ተበጥብጦ ጭራውን ይመታዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአየር ፍሰት ተመራማሪው ቴዎዶር ፎን ካርማን ከባልደረቦቹ ጋር በነፋስ ዋሻ (ነፋስ እየተነፋ ሞዴል በሚሞከርበት ቱቦ) መርምሮት፣ ማዕዘኑን በጥምዝ መሙላት ፍቱን ሆነ። ፈረንሳዮች መሸፈኛውን እስከ ዛሬ «ካርማን» ይሉታል። ጥምዙ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር መስፋት አለበት። ጠባብ አድርጎ የጨረሰው ሰው ችግሩን አልፈታም።

ለማየት ጣት የሚያህል ፈትል እየቆረጣችሁ በፕላስተር ክንፉ ሥር ለጥፉ። እህቴ ከእንዝርቷ ላይ የሰጠችን ጥጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ፈትሉ ተኝቶ ወደ ኋላ ከሄደ ደህና ነው። ከተነሣና ከተሽከረከረ አየሩ እዚያ ለቅቋል።

ቤንዚን ይሸታል

ጥፋቱን ፌሪንጉ ላይ አትፈልጉ። የነዳጁ ቱቦ ከክንፍ ወደ ቦዲ የሚሻገረው እዚያው ሥር ነው። ሞተር እንዳይነሣ፣ ባትሪው ይነቀል፣ ከዚያ ቱቦውን ለማየት መሸፈኛውን ፍቱት። እኔ የመጨረሻውን ጠርዝ በማጣበቂያ ልዘጋው ብዬ የማጣበቂያውን ቱቦ ሳነሣ ልጁ እጄን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ይሄ በካቻቪቴ ብቻ መውጣት አለበት» አለኝ። ማጣበቂያው እስካሁን መደርደሪያው ላይ አለ፣ ጫፉ እንኳ አልተቆረጠም።